ነፋስ አይፈርምም

በአምስተኛው ቀን፣ ቁርስ ላይ፣ ሻይዋን ስታማስል፣
ከጣሪያው ወረደ የካፒቴኑ ቃል፣
ለስላሳ፣ እንደ ጥርስ ሐኪም፦ «ትንሽ ያማል።»
ነፋስ ስለ በረታ ኮርቮን እንዘላለን፤
በምትኩ ማዴይራ ሁለት ቀን እናድራለን፤
ፀሐይ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ደግሞም ገበያ፣
ለየክፍሉ ሃምሳ ዩሮ መገበያያ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ጎረቤቶቻችን
«ለመሆኑ ኮርቮ ምንድን ነው?» አሉን።
ደሴት ናት፤ ካርታ ላይ የዝንብ ኩስ የምታህል፣
ጣት ቢያርፍባት የምትከለል።
ዴኦሊንዳ ዝም። ማንኪያዋን ከሻይዋ
አውጥታ አኖረችው፣ በቀስታ፣ ከቦታዋ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ፣
የማንኪያዋን ቋንቋ ጠንቅቄ አውቃለሁ፤
ጮኾ ከወደቀ፣ ጠቡ ለምሳ ያልቃል፤
ቀስ ብሎ ካረፈ፣ ሻንጣ ከቁም ሳጥን ይወርዳል።

ቦርሳዋ ውስጥ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ፣
የእናቷ ቁልፍ አለ፣ ከእንጨት ተፈልፍሎ፤
ኮርቮ ላይ በር ሁሉ በእንጨት ነው የሚዘጋ።
«ሌባ አይደለም» ትል ነበር እናቷ «የእኛ ስጋት፤
ላምና ነፋስ ናቸው፣ ሳይጠሩ የሚገቡ ቤት።»
በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው የወጣችው፤
በሩን ዘግታ ቁልፉን ኪሷ ከተተችው፣
እመለሳለሁ ብላ። ሴቱባል አገባች፣
ሰርዲን ስታሽግ ኖራ፣ ሰርዲን እየሸተተች ሞተች።

እኔ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤
«ሙሉ ከፍሎ መሃል የሚወርድ ከሰረ» ስል ኖርኩ።
ስለዚህ ቆጠርኩላት፦ ሰባት እራት ቀርቶናል፣
ረቡዕ ሎብስተር አለ፣ ዓርብ ዳንስ ይኖራል፤
የሚመለስ ገንዘብ የለም፣ ውሉን አንብቢው፣
አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ፣ ከታች በጥቃቅን የተጻፈው።
ሰማችኝ። ሰምታኝ ካልሲ ማጠፍ ቀጠለች፣
የእሷን ብቻ። የእኔን እንዳለ ተወች።

ኦርታ ወደብ ስንደርስ ቅጽ ሰጧት፤ ሳጥን አራት፦
ሕመም፣ ሐዘን፣ ሥራ፣ ሌላ። «ሌላ» ላይ ምልክት
አድርጋ፣ ከነጠብጣቡ ላይ «በር» ብላ ጻፈች።
መዝጋቢዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ማኅተሙን መታች።

እኔማ ከላይ፣ አሥረኛው ፎቅ ላይ ቆሜ፣
እጄን እንኳ አላነሳሁ፤ አኩርፌያለሁ በአቅሜ።
ግን ከዚያ ከፍታ ትንሽ ሆና ሳያት፣
ቀይ ሻንጣዋን ስትጎትት፣ አንዱ ጎማ እምቢ ብሏት፣
ከድንጋይ ድንጋይ እየተንገጫገጨ፣
አንድ ነገር፣ እዚህ፣ ከጎድኔ ሥር ተላወሰ፣ ተቆጨ።
አሳንሰሩን አልጠበቅሁም። አሥር ፎቅ ደረጃ፣
ፓስፖርቴን ብቻ ይዤ፣ የመርከቡ ስም ባለበት ነጠላ ጫማ።

እና ምን ይሁን? አሥራ አንድ ፎቅ ብረት ያስፈራራ ነፋስ
ለትንሽ አውሮፕላን ምን ብሎ ሊለሳለስ?
ሦስት ቀን ተቀመጥን ኤርሚኒያ ማረፊያ፣
ሾርባና ሾርባ ነው፣ የለውም መለያ።
ረቡዕ ማታ ሎብስተሩን አሰብኩት፤ አልዋሽም።
«ነፋስ» አለች ኤርሚኒያ «ውል ላይ አይፈርምም፤
ሲለው ይሄዳል።» ሚስቴ ሳቀች። በዚያ ጉዞ
የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

የወደቡን ግንብ ሥዕል ሞልቶታል፤ መርከበኛ
ሳይሥል ከሄደ ባሕሩ ይሆንበታል ቂመኛ
ይላሉ። እኔም በከሰል አውቶቡስ ሣልኩ፣
ቁጥር ስድስት፤ ሁለት ሰው ብቻ አሳፈርኩ።

በአራተኛው ሌሊት ፀጥታ ቀሰቀሰኝ።
መስኮቱ መንቀጥቀጡን ትቶ፣ ዝምታው ጮኸብኝ።
ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣለች፣ ካፖርቷን ደርባ፣
ጫማዋን አስራ፣ ቁልፉን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ።
«በሩ ባይኖርስ?» አልኳት።
አልመለሰችልኝም። ከሻንጣዋ ሥር ፈልጋ
አንድ ጥንድ ካልሲ ወረወረችልኝ፤
የእኔን፣ ግራጫውን።
ሦስት ቀን ሙሉ በባዶ እግሬ ስታየኝ
ዝም ብላ ነበር።
«ተነስ» አለች። «ሊነጋ ነው።»