ከሐረጎ በላይ

ዋሽንት እንዳልላት፣ አፏ ላይ ውታፍ አላት፤
ፊሽካ እንዳልላት፣ ሰባት ቀዳዳ አላት።
አበጋዝ ይመር ነው ከወይራ የቀረጻት፣
ኮምቦልቻ፣ ቆላው፣ ከቦርከና ወዲህ፣
በርጩማውን ይዞ
ጥላ እያሳደደ ከዚያ ወደዚህ።
እዚያው ደጃፉ ላይ ነፋኋት፣ ወደድኋት፤
ዋጋም ሳልከራከር ከፍዬ ወሰድኋት።
ድምጿ ቀጥ ያለ ነው፣ አይልም ጎንበስ ቀና፣
እንደ ልብስ ማስጫ ሽቦ ተወጥሮ የቀና።

ደሴ ግን ሌላ አገር ነው።
ጥር ነው፣ ማለዳ ነው፤ ጦሳ ጉም ደርቧል፣
የትምህርት ቤት በዓል፣ ወላጅ ተሰብስቧል።
አንደኛውን ዜማ ጨረስኩት በሰላም፤
ሁለተኛው ላይ ሻከረች፣ ግድ የለም፤
ሦስተኛው ላይ ድምጿ
ሰለለ፣ ታፈነ፣ እንደ ጉንፋን አፍንጫ፣
ትንፋሼ ከውስጧ አጣ መውጫ።
አገጬ ላይ አንዲት ጠብታ ስትወርድ፣
ከፊት የተቀመጠ ሕፃን
«አለቀሰችኮ!» አለ፤ ሳቀ ሁሉ ዘመድ።

ቅዳሜ ወረድኩኝ፣ ልሰድበው አስቤ፣
ሚኒባሱ ውስጥ ቃል በቃል ሰብስቤ።
ሐረጎ ስንደርስ
መንገዱን ጉም ወትፎታል፤
ተሳቢው መብራቱን አብርቶ ይቆማል፤
ረዳቱ ወርዶ ጎኑን በመዳፉ ይመታል፣
«ና፣ ና፣ ና... በቃ!» ይላል።
ሰማዩ ሰፊ ነው፣ ገደሉም ሰፊ ነው፤
ለእኛ የተሰጠችን ይቺ ጠባብ ናት፣
እሷንም ጉም ያዛት።

አበጋዝ አዳመጠኝ፣ ስድቤ እስኪያልቅብኝ፤
ከዚያ «የት አደረች?» ብሎ ጠየቀኝ።
«መስኮቱ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ።»
«ታዲያ በብርድ የደነዘዘ አንገት
ትኩስ ትንፋሽ ሲለቁበት
ምን ይሁን አልሽ፣ መምህርት?
ጦሳን ተይው። ጉሙ ያንቺው ነው።

ብብትሽ ሥር ያዣት፣ ሩብ ሰዓት ያህል፣
ገላዋ ገላሽን እስኪመስል።
ብትዘጋ እንኳ ጣት አትስደጂባት፤
ስል ናት ከንፈሯ፣ አንዴ ከተላጠች መድኃኒትም የላት።
መስኮቷን ክደኚና እፍ በያት፤
ካልሆነም ወደ ውስጥ ሳቢያት፤
ውሃው እንደሆነ የገዛ ትንፋሽሽ ነው፣
ምኑ ነው የሚያስጠላው?
እንዶድ ዘፍዝፊና አረፋውን ገፈሽ፣
ከሥሩ አንዲት ጠብታ በጉሮሮዋ አፍሰሽ
እንድትደርቅ ተያት፤
ከዚያ ወዲያ እርጥበቱ
እንደ ዶቃ ቆሞ አይዘጋም፣ ተነጥፎ ይሄዳል።
ስትጨርሺ በዶሮ ላባ ጥረጊያት፣
እርጥቧን ማህደር ውስጥ አትዝጊባት፣
ፀሐይ ላይም አታስጪያት፤ በርበሬ አይደለችም።
ለወይራው የተልባ ዘይት፣ በዓመት ሁለቴ።
ውታፉን ግን እንዳትነኪ! ጥድ ነው፣ ይጠጣል፤
ዘይት የጠገበ ጥድ ውሃ መች ያስገባል?»

«እስቲ አንተ ንፋልኝ» አልኩት።
ቢላውን በጭኑ ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።
ሃያ ሁለት ዓመት ፈትል ቤት ሠርቷል፤
ያኔ ይበር የነበረው የጥጥ ብናኝ ሁሉ
ደረቱ ውስጥ ሰፍሯል።
«የኔን ቦይ የሚጠርግ ላባ ያለው ዶሮ
አልተፈለፈለም» ብሎ ሳቀ፤
ሳቁን ሳል ቀማው።
የሠራትን ሁሉ የምትነፋለት
ሐያት ናት፣ የልጁ ልጅ፣ አሥር ያልሞላት፤
እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን አቅንቶ፣
«ትንሽ ይቀረዋል» ይላል፤
ይልጣል ከውታፉ፣ እንደ ፀጉር አሳስቶ።

ሰኞ። ደሴ። ጉም።
የሙዚቃ ክበብ፣ ዘጠኝ ልጅ፣ ዘጠኝ ወይራ፤
በየብብታቸው ሥር ወሽቀው በተራ
አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፣
ጤና ጣቢያ ትኩሳት የሚለካላቸው ይመስላል።
«መቼ ነው የምንነፋው?»
«ዝም በሉ፣ ይሙቁ።»
ስልኬ ጠራ። አበጋዝ ነው። «ሞቁ ወይ?»
«ገና ናቸው።»
«እጠብቃለሁ። እንዳትዘጊው።»
ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት።
ክፍሉ ፀጥ ሲል
ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ፉጨት፣
ሲገባ አንድ፣
ሲወጣ አንድ።
ከወደ ጥግ ያለች ልጅ እጇን አወጣች፤
«መምህር፣ ይቺኛዋ
ሳትሞቅ የተነፋችው
የማን ናት?»