ልክ

«ጫፉን ያዝ» አለችኝ፣ «ዜሮው እንዳይነሣ፣»
እኔ ዘጠኝ ዓመት፣ እሷ አንጓች ድልነሣ፤
ከቢቸና በላይ፣ ሰኔ ሊገባ ሲል፣
ጭቃው ሳይለሰልስ፣ ሣሩም ሳይበቅል፣
ሸራ ጫማ በእግሯ፣ እርሳስ በጆሮዋ፣
ዋልታውን ስትዳስስ ልክ እንደ ዘመዷ።

አለቃ ወረታው ከደጀ ሰላሙ
«አንቺ፣ ልክሽን እወቂ!» አሉ እያዘገሙ።
«ልክ ላውቅ ነው፣ የኔታ፣ የመጣሁ» አለችና
ጻፈች፦ «ከበር እስከ በር ስምንት ሜትር ከዘጠና።»

ኋላ ነው የሰማሁ፦ ያስተማራት ፈረንጅ
«ጭቃ ታሪክ የለው፣ መጠለያ ነው እንጅ»
ብሎ ነበር አሉ። እሷም ወረቀቷን
ጠቅልላ ወጣች፣ ተሻገረች ዓባይን፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከደጀን እስከ ዳንግላ፣
በአንድ በቅሎ፣ በአንድ ደብተር፣ በአንድ የተቀደደ ዣንጥላ።
በየንድፉ ግርጌ የአናጢውን ስም ጻፈች፣
የሞተውን ከቀባሪ፣ ያለውን ከአፉ ለቀመች፦
«ቢያድግልኝ ጎሹ፣ ጣራው ሳያልቅ ሞተ፤
ልጁ ጨረሰለት፣ ጉልላቱን በስንዝር ሳተ።»

ወደ መቅደሱ ግን ሴት አይገባም፣ ሥርዓት፤
አልታገለችም፤ ገመድ ቋጠረች በክንድ ክንድ ርቀት፣
ለዲያቆኑ ሰጠች። ገባ፤ ወጣ፤ ደግሞ ገባ፤
አንዴ ዘጠኝ ይላል፣ አንዴ ዐሥር ከስንዝር፤
«ጠዋት ጠዋት ይሰፋል» አላት። ሳቀች፣ ሳትናገር።

ሲመሽ ከፈለችኝ፦ ግማሽ እርሳስ፣ ቢጫ፣
ጥርሷ የነከሰው፣ በጫፉ በኩል ብቻ።
እኛ ቤት አድራ፣ በኩራዝ ንድፉን ስትጨርስ፣
ክቡን ከበበችው፣ ዙሪያውን፣ በእርሳስ፣
መሐሉ ግን ነጭ። ባዶ። በቀጭን ጽሕፈት
«አላየሁም» የሚል አንድ ቃል አለበት።
«ገምቺና ሙይው» ቢሏት ከተማ ያሉት ምሁራን፣
«የገመትሁት ቤት ይወድቃል» አለች፣ አልነካችም ነጩን።

ደብሩ የለም ዛሬ፤ ብሎኬት ነው፣ ቆርቆሮ፣
ያፈረስሁት እኔ ነኝ፣ ተቋራጭ፣ ለኑሮ።
አንጓችም ካረፈች ሰባት ክረምት አልፏል፤
መቃብሯ ላይ ስሟ እንጅ ሙያዋ ተዘልሏል።

ታቦቱ በድባብ ወጥቶ፣ መጋረጃው ወርዶ፣
መቅደሱን ፀሐይ ሲያየው፣ ግድግዳው ተንዶ፣
ቆምሁ ከመሐሉ፣ ሜትር አወጣሁ ከኪሴ፣
«ያን ነጩን ሙላላት፣ ለካው» አልሁ ለራሴ።
ሳብሁት።
ጥቂት ሄዶ ተጠቀለለ፣ ሸሽቶ፣
ዜሮውን የሚይዝ ሰው ከማዶ ታጥቶ።