ሩብ ዙር

መጋቢት ነበረ፣ በረዶው ተሰብሮ፣
ሜዳው ባገዳ ጉቶ፣ እንዳልተላጨ አገጭ ጎፍሮ፣
ቬርና ሆልምክዊስት ከጋራዤ ደረሰች፣
የሟች ባሏን ሼቭሮሌ ፒካፕ እየነዳች።

ከርሻዋ እስከ ደጄ አሥራ ዘጠኝ ማይል ነው፤
የኔብራስካ መንገድ በክር የተሰመረ ነው፤
ኩርባው ሁለት ብቻ።
ሁለቱንም ያለፈችው ቆማ ነው፣ ከወንበሩ ተነስታ፣
መሪውን እንደ ወይፈን ቀንድ በሁለት እጇ ጨብጣ።

«ሞተሩ ደኅና ነው» አለች፣ «ፍሬኑም አይከፋ፤
መሪው ነው የሰው ፊት አይቶ የሚገፋ።
አርባ ዓመት ጎኑ ስቀመጥ፣ በሩን ስከፍት ስዘጋ፣
‹ላንቺ ክንድ ይከብዳል› ሲለኝ፣ ክረምት ከበጋ፤
አሁን ኤልደን የለም። ዘር ይመጣል፣ መኖ ይጫናል፤
ክንዴስ ኦቶ፣ ከዚህ ወዲያ የት ይወፍራል?»

«ፓወር እንግጠምለት» አልኳት። ዋጋውን ሰማች፤
ቦርሳዋን ከፍታ የጥጃ ሽያጭ ብሯን ቆጠረች።

ከተገለበጠች መኪና የተፈታ
ሳጥን ነበረኝ፤ ጎሚኒውን ቀይሬ ያኖርኩት ባንድ ማታ።
ክሪኩን ሰቀልኩ። የፒካፗ አፍንጫ አየር ላይ ዋለ፤
የፒትማኑ ዳዶ ዝጎ አልፈታም አለ፤
በቁልፉ እጀታ ቧንቧ ሰክቼ በትከሻዬ ተጫንኩት፤
እንደ ተኩስ ጮኾ ለቀቀ፤ ክንዴን ግን ሻሲው ላይ ላጥኩት።
ሦስት ብሎን ቀረ። ሳጥኑ ሲወርድ ደረቴ ላይ አረፈ፣
እንደ ሞተ በግ ከብዶ፣ ጥቁር ግራሶ እያጎረፈ።

አዲሱን በቦታው። የመሪውን ዘንግ ሁለት ጣት ያህል ቆርጬ፣
ፓምፑን ከሞተሩ ጎን አስቀምጬ፣
ቺንጋው ተወጥሮ፣
የግፊቱም የመልሱም ቱቦ በፋሼታ ታስሮ፣
ዘይት ሞላሁ፤ ጎማው ከመሬት እንደተነሳ
መሪውን ከጥግ ጥግ አመላለስኩ፣ አረፋው እስኪከስም፣
ፓምፑም ማላዘኑን እስኪረሳ።

ማታ፣ በሬን ዘግቼ፣ አሮጌውን ሞርሳ ላይ አሰርኩት፤
ምኑ እንደሞተ ልወቅ ብዬ በባትሪ አየሁት።
ኩሺኔታው ደኅና። ጥርሱ መሐሉ ላይ ተበልቷል፣ ግን አልተሰበረም።
ከላይ ያለችው ማስተካከያ ብሎን ግን የቀራት መንገድ አልነበረም፤
እስከ መጨረሻዋ ጠብቃለች፤
ካቻቢቴ የበላው አፏ፣ ስንቴ እንደተነካች ታወራለች።
ሩብ ዙር መለስኳት። ሩብ ብቻ።
ዘንጉ በሁለት ጣቴ ዞረ፣ እንደ ሰዓት ቁልፍ፣ ያለ ጡንቻ።

ምን ልበል እንግዲህ? ጥርስ ሲበላ መሪ ይወላገዳል፤
የቸኮለ ገበሬ ብሎን ያጠብቃል፣ ባመቱ ደግሞ ያጠብቃል።
ይህ አንዱ ነው።
ሌላውን ሳስበው እጄን እንደገና ታጠብኩ፤
የኤልደንንም ሳጥን ተሸክሜያለሁ፤ ከስድስቱ አንዱ ነበርኩ።

ጠዋት መጣች። «አሮጌውስ?» አለች። «ሞርሳው ላይ» አልኳት፤
የወደቀ ቁልፍ ያለ ይመስል አጎነበስኩ፣ ዓይኗን እንዳላያት።
ዘንጉን ይዛ አዞረችው። ወደ ግራ። ወደ ቀኝ። እንደገና።
ሬዲዮው የበቆሎ ዋጋ ያወራል፤ ሌላ ድምፅ የለምና
እጇን ሰማሁት።
«ነክተኸዋል?» አለችኝ።
«ሩብ ዙር» አልኳት። ውሸት አልመጣልኝ።

ካቻቢቴውን ካግዳሚው አንስታ
ብሎኗን መልሳ አጠበቀቻት፣ እስከ ድሮዋ ቦታ፣
እሱ እንዳስቀመጣት። ሞከረችው። አልዞረም።
«እንዲህ ነው የማውቀው» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ሳጥኑን ከኋላ፣ ከመኖው ጆንያ ጎን ጫንኩላት።
ስትወጣ ባንድ መዳፏ ነበር፤ መሪው ቀለለባት፣
ፒካፗ ዋዠቀች፣ ግራ ቀኝ አለችባት፣
ከዚያ ቀና አለች።
የመጀመሪያው ኩርባ አራት ማይል ይርቃል፤
ከዚህ አይታይም። እኔ ግን ቆሜያለሁ፤ ጭቃው እግሬን ይዟል።