ይግባኝ

ከሥራ ቢሮው ፊት ጥላ ሥር ተቀምጦ፣
ሱዳኒው ባቢክር ወረቀቴን ገልጦ፣
ዝግ ብሎ አነበበ መነጽሩን ጠርጎ፣
ትኩስ ሻይ እንደያዘ ቃሉን እፍ አድርጎ።

«አልፀደቀም» አለኝ፤ «ጤነኛ ነው እጅሽ።»
«ማን አለ?» «ቦርዱ ነዋ። የመሰከረብሽ
የገዛ ፊርማሽ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ያማረ፤
እንዲህ የሚፈርም እጅ አልተሰበረ።»

በግራዬ እኮ ነው!
ሱኒታ ኔፓሏ፣ ከታችኛው አልጋ፣
አርባ ሌሊት ሙሉ ስልኳን ፋኖስ አርጋ፣
በሳሙና ካርቶን ጀርባ ስታስጽፈኝ፣
ቀኜ ከፋሻው ውስጥ እየጠዘጠዘኝ፣
ከዶሮ ጭረት ነው እዚህ ያደረስነው።
ግራ ሲገባኝ ነው ግራን ያስተማርነው፤
እሱው ግራ እጄ ነው ቀኜን የከሰሰው።

ማን አየኝ ከነሱ፣ ቋጠሮ በጥርሴ ስፈታ፣ ስታገል፣
ለሱብሒ ውዱእ ሳደርግ፣ ውኃው እንዲደርስ ከጣቶቼ መሐል
የተኮማተረውን አንድ በአንድ በግራዬ ስፈለቅቅ?
ወረቀቱን ነው ያዩት፤ ወረቀት ደግሞ አያውቅም መሳቀቅ።

ደማም፣ የላውንደሪው አዳራሽ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
ለዒድ ሦስት ቀን ሲቀራት፣
የሆስፒታል አንሶላ፣ ተራራ በተራራ ላይ፤
የመተኮሻው ማሽን ጨርቅ ሲስብ ጣት አያይ።
ማቆሚያው ቀይ ቁልፍ ከወር በፊት ሞቶ፣
ፕላስተር ተለጥፎበት፣ «ይጠገናል» ተብሎ፣ ተረስቶ።
ስጮህ የደረሰው ሱፐርቫይዘራችን
መጀመሪያ ያየው አንሶላውን ነበር።

እጅ ሲያጥረኝ መጣሁ እጅ በእጅ ሊከፍሉኝ፤
እጄን ወሰዱና «እጅ ስጪ» አሉኝ።
ሁለት ሺህ ሪያል በፖስታ፣ ቲኬት ከላዩ ላይ፤
«ለአገርሽ ብዙ ነው» አለኝ የኩባንያው ሰው። ከሚሴን መቼ ያውቃል፣ ወይ!

«ይህ በናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» አለኝ
ባቢክር፣ ማመልከቻውን መተየብ ሲጀምርልኝ።
«ይግባኝ።»
ያባቴን የመሬት ክርክር ተከትዬ፣ ወረዳ ደጅ ላይ፣
በልጅነቴ ስሰማው ኖሬ፣ አንድ ቀን ገልጬው ሳላይ፣
ቃሉ ዛሬ ገባኝ፤
«ይግባኝ» ማለት ለካ «አልገባኝም» ነው፤
እስኪገባኝ ድረስ በሩን መያዝ ነው።

ከላይ ስሜን ጻፈ፣ ዘይነባ ይማም እንድሪስ።
«ፈርሚ» ሲለኝ ብዕሩን አንስቼ መለስኩት፤
ቀኝ አውራ ጣቴን ነው ከቀለሙ ነክሬ ከግርጌው ያሳረፍኩት።
መስመር አልወጣበት፤ ክብ የለ፣ ጭረት የለ፤
እንደዚያ ሌሊት አንሶላ
የተተኮሰ፣ አንድ መጨማደድ የሌለው፣ ለጥ ያለ፣
የማንም ያልሆነ ሰማያዊ።

ባቢክር ዝም ብሎ አየው።
ከሰጠሁት አሥር ሪያል አምስቱን መልሶ
«ሂጂ» አለኝ፣ «ሳይዘጋ።»

ቁጥሬ ዘጠና አንድ ነው።
ሰሌዳው አርባ ሰባት ይላል።