በፍርዱ ላይ

ቅጹ አንድ ገጽ ነው፦ ከላይ ስም፣ ከጎን ቁመት፣
ከታች ሁለት ሣጥን፤ ጥንካሬ፣ ድክመት።
ክለቡ ለማታ መልሱን ይጠብቃል፤
ካሥራ አንድ ልጆች አንዱን ይመርጣል።

የሜዳው ደረጃ፣ ስሚንቶው ላይ ሆኜ፣
የጉልበቴን ሕመም በመዳፌ ሸፍኜ፣
ጻፍሁ፦ በፍርዱ ጓንጉል፤ ፎርዋርድ፤ ሃያ አንድ ዓመቱ፤
ሁለት ሜትር ሊሞላ አንድ ጣት ነው ጉድለቱ።
ድልድይ መሥራት ይማራል፣ ግቢው አምስት ኪሎ፤
እኔ ልመዝነው መጣሁ አራት ኪሎ።

የዚህ ሜዳ ቀለበት ወደ ግራ ዘሟል፤
ስንቱ ተጫወተበት፣ ይህ ልጅ ብቻ ያውቃል።
ኳስ ገና ከእጅ ስትወጣ፣ ሌላው አንጋጦ ሲያይ፣
እሱ ቀድሞ ቆሟል ከምትወድቅበት ላይ።
ጥንካሬ፦ ቦታ ያውቃል።

ግራ እጁ እንግዳ ነው፣ ቤቱን አልለመደም፤
ቀኙን ሲዘጉበት ኳሷ አትታዘዝም።
ቅጣት ምት ሲሰጡት ሦስቴ ያነጥራታል፤
ከአምስት ሁለት ይስታል፣ አፉን ያጣምማል።
ትከሻው ሸንበቆ ነው፤ ቢገፉት ይወድቃል፤
ወድቆ ሲነሣ ግን ገፊውን አይቶ ይስቃል።
ይህ የት ይጻፋል?

የመጨረሻ ደቂቃ። እኩል ለእኩል።
ብረቱ ሥር ብቻውን ነው፤ ከፊቱ ማንም የለ።
«አለቀ» ብዬ ብድግ አልሁ።
እሱ ግን ኳሷን ወደ ጥግ፣
ቀኑን ሙሉ ላልቀናው ለዚያ አጭር ልጅ ሰጠ።
ልጁ ሳተ።
ተሸነፉ።
በፍርዱ ሄዶ አንገቱን አቀፈው፤
ምን እንዳለው እንጃ፣ አሳቀው።

«ፈሪ ነው፤ ጻፋት!» አለኝ ጌድዮን ከጎኔ።
ጻፍኋት። ሰረዝኋት።
ከሃያ ዓመት በፊት፣ እዚሁ ሜዳ፣ አንድ ሰው ስለ እኔ
ሁለት ቃል ጽፎ ነበር፦ «ለብቻው ይሮጣል»።
እስከ ዛሬ ከማዕዴ አልተነሣችም፣ አብራኝ ትበላለች።

ዝናቡ ወረደ።
የፒያሳ ታክሲ ሰልፍ እስከ ሐውልቱ ተጠማዘዘ።
ከፊቴ ገባ፤ አላወቀኝም።
ያ ሁሉ ቁመት እንደ ጃንጥላ ታጠፈ፣
ጉልበቱ አገጩ ሥር።
«ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል ወያላው፣
ቦታ በሌለበት፣ ዘንቢል ላቀፈች ሴት ቦታ ሠራ።

ቅጹን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ፤ ጥጉ ረጥቧል።
ጥንካሬ፦ ኳስ ይሰጣል።
ድክመት፦ ኳስ ይሰጣል።
ታችኛዋ መስመር «ከአሥር ስንት?» ትላለች።
ስሙን ደግሜ አነበብሁት። በፍርዱ።
በማን ፍርድ?

ስልኬ ጮኸ፤ ጌድዮን ነው።
«ሒሳብ ከኋላ!» አለ ወያላው።
አሥር ብሬን ወደ ፊት ሰደድሁ፤
በፍርዱ፣ ዞር እንኳ ሳይል፣
በግራ እጁ ቀለባት፤
አሳለፋት።