ቁጥር ሰባ ዘጠኝ

ሬገንስቡርግ ጥር ነው፤ ዳኑብ ጠርዙ ረግቷል፣
ከአዳራሹ ጣሪያ በረዶ ተቆልሏል፤
እኛ ግን ከውስጡ በረሃ እንቀባለን፣
ያላየነውን አገር በቆርቆሮ ከፍተን።
«ቁጥር ሰባ ዘጠኝ» ይላል ክዳኑ ላይ፤
አሸዋ ነው አሉን፤ ማን ሄዶ ሊያይ?

ኮርቢኒያን ሁተረር አለቃዬ ነበር፤
በሰላሙ ዘመን በየገጠሩ ደብር
መሰላል ላይ ወጥቶ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣
ጣሪያውን ሰማይ ሲያደርግ፣ ደመናውን ስሎ፣
የመላእክት ተረከዝ ሲያሳምር የኖረ፤
ዛሬ ከአውሮፕላን ሆድ ሥር ተንጋለለና
ያንኑ ሰማያዊ ይነፋ ጀመረ።
«ሰማይ ያው ሰማይ ነው» ይለኛል እያሳለ፤
«መልአክ ብቻ ጎደለ።»

ጀርባው አሸዋ ነው፣ ቁልቁል ለሚያይ ጠላት፤
ደረቱ ሰማይ ነው፣ ሽቅብ ላነጣጠረበት።
ይህን ሁሉ ለፍተን፣ ሸሽገን፣ ሰውረን፣
ወገቡን በነጭ ቀለም እንደ መቀነት አስረን፣
ክንፉ ላይ መስቀሉን አጉልተን አተምን፤
የራሱ ወገን ስቶ እንዳይተኩስበት።
ደብቁትም፣ አሳዩትም፤
ትእዛዙ በአንድ ወረቀት፣ ከሥሩ አንድ ማኅተም።

በሩ ተከፍቶ ሲወጣ ሜዳው ሁሉ ጥጥ፣
እሱ እንደ እንቁላል አስኳል መሃል ላይ ፍጥጥ።
ቁራ እንኳ አልተሸወደም።
ሁተረር ሳቀ፤ ከዚያ በፊት ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

በሚያዝያ አንዱ መጣ፣ በባቡር ተጭኖ፣
ክንፎቹ ተነቅለው፣ በሸራ ተከድኖ።
የለፋንበት ቀለም እስከ ብረቱ ተልጧል፤
አሸዋ አሸዋችንን ፍቆ ጨርሶታል።
መቀመጫው ታጥቧል። ማን እንዳጠበው
አልጠየቅንም።
የሞተሩን ክዳን ስፈታ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣
አንድ እፍኝ ያህል። ሽማግሌው ጎነበሰ፣
በመዳፉ ዘግኖ ከቆርቆሯችን አስጠጋው፤
አይገጥምም።
የእኛ ቢጫ ነው፤ ያኛው
ቀላ ይላል፣ ብርድ እንደነካው የሕፃን ጆሮ።

«ሕፃን ሲጠመቅ ይቀባል» አለ፣ ብዙ ቆይቶ፤
«ሊሞት የተኛም ይቀባል።
እኛ፣ ዋልቡርጋ፣ የቀባነው የትኛውን ነው?»
መልስ አልነበረኝም፤ ገና አስራ ሰባት ዓመቴ ነው።

አሸዋውን ጠርጎ በሱረት ዕቃው ያዘ።

ጦርነቱ አልቆ፣ ቦምብ ያናጋውን የአንድ መንደር ደብር
ጣሪያ ሲጠግን፣ ኖራ አቀባዩ እኔ ነበርኩ።
ዛሬም ብትሄዱ፣ ከሰማዩ ላይ፣ ከግራው መልአክ እግር ሥር
መዳፍ የምታህል ሻካራ ቦታ አለች፣ ቀላ ያለች።
ቄሱ እርጥበት ነው ይላሉ።