አራተኛው ምስማር

በቶርስሃቭን ሰማይ ዝናብ መቼ ያባራል፤
ለሦስት ሰው ካፖርት ሦስት ምስማር ይበቃል፤
የሮግቪ፣ የማርዩን፣ የትንሿ ቢርና፤
አሁን ግን አራት ሆኑ፤ ወንድም መጥቷልና።

ሮግቪ ምስማር ይዞ መዶሻ ሲያነሳበት፣
«ዝቅ አርገው እንጂ አባ፣ እንዴት ብሎ ይድረስበት!»
ለማን? አንገቱን ገና ቀና ላላደረገ፣
ስድስት ቀን ለሞላው፣ ጡት ብቻ ለፈለገ።

ማርዩን ከሶፋው ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች፤
ስፌቱ ሲወጋት «ተዉኝ» ብላ ለመነች።

ተመታ ምስማሩ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣
አውራ ጣት የሚያህል ካልሲ ብቻ አንጠልጥሎ።

ሮግቪ ማታ ገባው፤ የእሷም ምስማር ሩቅ፣
«አንሡኝ» ብላ እንጂ ሰቅላ የማታውቅ።
ስድስት ቀን ሙሉ ግን እጅ ሁሉ ሞልቶ፣
ወለሉ ላይ ከርሟል ቢጫ ካፖርቷ፣ ተረስቶ።